ከስብከቱ በኋላ ያለው ሥራ፦ ማረሚያ ቤት ገብተው ለሚያገለግሉ

እሑድ ጠዋት ገብቶ መዝሙር ዘምሮ፣ ሰብኮ፣ ዳቦና ሻይ አድሎ መውጣት ክፉ አይደለም። ታራሚው ያቺን ቀን በጉጉት ይጠብቃታል፤ ከውጭ የመጣ ሰው ፊት ማየት ብቻውን ምግብ ነው። ችግሩ የሚመጣው በዚያው ቀን እጃቸውን ያነሡ 40 ሰዎች «ተለወጡ» ተብሎ ሪፖርት ሲጻፍ ነው። እጅ ማስነሣት የማረሚያ ቤት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሥራ ሌላ ቦታ ይጠብቃል፤ አንድም ሰውየው ከበደለው ሰው ጋር ያለበት ዕዳ ላይ፣ አንድም ከበሩ ውጭ ባሉት የመጀመሪያ ወራት።

ይህን የምንለው ከልምድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ክርስቲያናዊ የማነጽ መርሐ ግብር በእስር ቤት ውስጥ ተጀምሮ ነበር። በኋላ ከተጠኑት 177 ተሳታፊዎች ውስጥ እስር ቤት ያለውንም፣ ከወጡ በኋላ ያለውንም ክፍል የጨረሱት 75 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ 75 ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና የተያዙት 17.3 በመቶ ሲሆኑ፣ መርሐ ግብሩ ውስጥ ካልገቡት ተመሳሳይ እስረኞች ግን 35 በመቶው ተይዘዋል። ደስ ይላል። ግን አቋርጠው የወጡት ሲደመሩ የ177ቱ ውጤት 36.3 በመቶ ሆነ፤ ካልገቡት ምንም ልዩነት የለውም ማለት ነው። ተቺዎች ወዲያው አንድ ነገር አነሡ። ለመመረቅ ከወጡ በኋላ ሥራ ይዞ መገኘት ግዴታ ስለነበር፣ ቀድሞውኑ የተሳካላቸው ተመርጠው ተቆጥረዋል አሉ። ትችቱ ተገቢ ነው። እኛ ከዚህ የወሰድነው ሁለት ነገር ነው። የጨረሰውን ብቻ ሳይሆን የጀመረውን ሁሉ ቁጠሩ፤ በሰባተኛው ሳምንት የጠፋው ሰው ስም መዝገባችሁ ላይ ይቆይ። ሁለተኛው፣ በሩ ላይ የሚያበቃ ትምህርት ውጤት አይጠበቅበትም።

ከመግባት በፊት

በሀገራችን ታራሚ የሃይማኖት አማካሪውን ማግኘቱ ችሮታ ሳይሆን መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው የትዳር ጓደኛውን፣ ዘመዱን፣ ሐኪሙንና የሕግ አማካሪውን እንደሚያገኝ ሁሉ የሃይማኖት አማካሪውንም እንዲያገኝ ይደነግጋል። መብቱ ግን የታራሚው ነው እንጂ የሰባኪው አይደለም። «አልፈልግም» ያለ ታራሚ ቃሉ ይከበር፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ የማንዴላ ደንቦች የሚባሉትም ይህንኑ ይላሉ። አንቀጽ ጠቅሶ በር ላይ የሚከራከር ቡድን ደግሞ አንቀጹን ይዞ እዚያው በር ላይ ይቀራል።

የሚሠራው መንገድ ደብዳቤ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከማኅበሩ የተጻፈ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ይገባል፤ የሚገቡት ሰዎች ስም ከመታወቂያ ቅጂ ጋር፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የትምህርቱ ርእስ፣ የሚገባው ዕቃ ዝርዝር ይያያዛል። ከዚያ በኋላ ዋና ወዳጃችሁ በማረምና ማነጽ ክፍል ያለው ባለሙያ ነው፤ ክፍል የሚሰጣችሁ፣ የታራሚዎች ቆጠራ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግራችሁ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይቀመጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ደብዳቤው 6 ሰው ካለ 6 ሰው ብቻ ይምጣ። ሰባተኛው «አብሬያችሁ ልግባ» ባይ ስድስቱንም ያስመልሳል።

ስልክ አይገባም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ አገልጋይ የሚሳሳተው በትንሿ ወረቀት ነው። «ይቺን ለእናቴ ስጡልኝ» ሲባል አንጀት ይበላል። ወረቀቷ ውስጥ ግን ለምስክር የተላከ ማስፈራሪያ ሊኖር ይችላል፤ ተሸካሚው አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም አገልጋይ የሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ «በአስተዳደሩ በኩል ካልሆነ አንይዝም።» አንዱ እምቢ ሲል ሌላው ከተቀበለ፣ እምቢ ያለው ጨካኝ፣ የተቀበለው ደግ ይሆንና ቡድኑ ይከፈላል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስታስገቡ አዲስና ምንም ያልተጻፈበት ይሁን፤ ፈታሹ ቅጠል በቅጠል ሊያገላብጠው ይችላልና 20 መጽሐፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ አስቡ። ደብተር ሽቦ የሌለው፣ በክር የተሰፋው ይሻላል። ዳቦ ካመጣችሁ ፍተሻ ላይ እየተገመሰ እንደሚገባ ቀድማችሁ ዕወቁት፤ አትከፉ።

ስለ ስጦታ ጠንከር ያለ ነገር እንበል። ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ለሴቶች ዞን የንጽሕና መጠበቂያ፣ ከእናቶቻቸው ጋር ላሉ ሕፃናት ወተት፣ እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ትምህርት ለሚከታተለው ብቻ ከተሰጡ ትምህርቱን ገደላችሁት። ሰው ለሳሙና ይጠመቃል፤ ወንጀለኛ ስለሆነ ሳይሆን ሳሙና ስለሌለው። ስጦታ በሌላ ቀን፣ በአስተዳደሩ በኩል፣ ለክፍሉ ሁሉ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ይሰጥ። ክፍሉ ውስጥ 200 ሰው ካለ 200 ሳሙና ይግባ። በ190 ሳሙና የሚነሣው ጠብ ከሳሙና እጦት ይብሳል፤ የጠቡ ጦስ ደግሞ ማታ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው የሚወርደው።

ቡድኑ

ትልቁ ጉባኤ ይቀጥል፤ ከእሱ ጎን ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኝ ትንሽ ቡድን ያስፈልጋል። 12 ሰው ጥሩ ቁጥር ነው። ከ15 በላይ ሲሆን ዝምተኞቹ ይደበቃሉ፤ ከ8 በታች ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰው ሲዛወር ቡድኑ ይፈርሳል፤ ዝውውር ደግሞ ሳይነገር ይመጣል። ለአንድ ቡድን ሁለት አገልጋዮች፣ ሁልጊዜ እነዚያው ሁለቱ ይመደቡ። በየሳምንቱ አዲስ ሰባኪ ከመጣ ታራሚው ታሪኩን ከዜሮ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ላይ መናገር ያቆማል።

የምንሠራበት 12 ሳምንት፣ በየሳምንቱ 90 ደቂቃ ነው። ሩብ ሰዓት መዝሙርና ጸሎት፣ 20 ደቂቃ ንባብ፣ 40 ደቂቃ ውይይት፣ የቀረው ለቤት ሥራ። ከቆጠራው 15 ደቂቃ ቀድሞ ማለቅ አለበት። በእናንተ ምክንያት ቆጠራ የዘገየ ዕለት ዋርድያው ሳይሆን መላው ዞን ይጠላችኋል።

በሳምንት አንዴ መምጣት ካልቻላችሁ በሁለት ሳምንት አንዴ በሉ፤ ያላችሁትን ግን አታጉድሉ። ሦስት ሳምንት በፍቅር መጥቶ የሚጠፋ ቡድን ባይመጣ ይሻል ነበር። እስር ቤት ያለ ሰው ቀን ይቆጥራል፤ የእናንተንም ቀን ይቆጥራል።

ንባቡን በተመለከተ የማርቆስ ወንጌል አጭርና በድርጊት የተሞላ ስለሆነ ለመጀመር ይመቻል። ከዚያ የጠፋው ልጅ፣ ዘኬዎስ፣ የዮሴፍ ታሪክ፣ የፊልሞና መልእክት። ፊልሞና አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ታልቃለች፤ ከጌታው ኮብልሎ በጳውሎስ እስር ቤት ስለተለወጠውና ወደ በደለው ሰው ደብዳቤ ይዞ ስለተመለሰው ስለ አናሲሞስ ነው። የንስሐውን መዝሙር ስታስነብቡ ኦርቶዶክሱ 50ኛ፣ ፕሮቴስታንቱ 51ኛ እንደሚለው አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ካልተነገረ አምስት ደቂቃ ገጽ ፍለጋ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የማን ትክክል ነው የሚል ክርክር ይከተላል።

ማንበብ የማይችል ሰው ይኖራል፤ ሁለትና ሦስትም ሊሆኑ ይችላሉ። «ተራ በተራ እናንብብ» አትበሉ፤ ያፍርና በሚቀጥለው ሳምንት «አመመኝ» ይላል። አንድ ጥሩ አንባቢ ለሁሉም ያንብብ፤ የቤት ሥራ ጊዜ ማንበብ የማይችለው ከሚያምነው ሰው ጋር ይጣመር። አማርኛ የማይቀናው ካለ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በሌላ ቋንቋ የሚያስተረጉም ታራሚ ከውስጥ አይጠፋም።

የእምነት ክፍልፋይ ጉዳይ ብዙ አገልግሎት አፍርሷል። ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክና ሙስሊም በአንድ ክፍል፣ ፍራሽ ለፍራሽ ተጠጋግቶ ይተኛል። ውጭ ያለ ሰው ተከራክሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እነሱ መሄጃ የላቸውም። ስለዚህ ምእመን ማስኮብለል ክልክል ይሁን። ኦርቶዶክሱ ንስሐ መግባት ከፈለገ ካህን እንዲገባለት ጠይቁለት፤ የውይይት ቡድን የንስሐ አባትን ቦታ አይተካም። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ሲሆን ደግሞ 55ቱንም ቀን፣ የፍስክ ምግብ ይዞ መግባት ስድብ ነው። ሌሊት የሚጸልይ የቡድኑ አባል ካለ በለሆሳስ ይጸልይ፤ እንቅልፉን የተነጠቀ ጎረቤት ወንጌልን በበጎ አይሰማም።

ከውስጥ መሪ ስትመርጡ አንደበተ ርቱዑን አትቸኩሉበት። ጥሩ ተናጋሪ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በማታለል ወንጀል ከገቡት መካከል ነው (ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም)። ረጅም ፍርድ ያለበት፣ ዝምተኛ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ሰው ሲታመም ውኃ የሚያቀርበውን ፈልጉ። በአሜሪካ በሉዊዚያና ግዛት አንጎላ በሚባለው ትልቅ እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 የኒው ኦርሊንስ ባፕቲስት ሴሚናሪ ትምህርት ከፍቶ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች ጭምር የአራት ዓመት ዲግሪ ይዘው ለእስረኛ ወገኖቻቸው አገልጋይ ሆነዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ራሱን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ሲኖር እናንተ ቤታችሁ ናችሁ፣ እሱ ግን ከጎኑ ነው። የውስጥ መሪ ሁለት ይሁን፣ በየአራት ወሩ ይቀየር፣ ዕቃ ማደልም ሆነ ስም መመዝገብ በፍጹም አይሰጠው። እነዚህን ከያዘ ሳያስበው ሌላ ካቦ (የእስረኞች አለቃ) ይሆናል።

«ሞተብኝ»

የትምህርቱ ልብ ከሰባተኛው ሳምንት ይጀምራል። ደብተሩ ጎን ለጎን ሁለት ገጽ ይከፈትና አራት ዓምድ ይሰመርበታል፤ «ያደረግሁት»፣ «የተጎዳው»፣ «መመለስ የምችለው»፣ «መመለስ የማልችለው»።

ከዚያ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጉዳዩ ገና ቀጠሮ ላይ ያለ ወይም ይግባኝ የጠየቀ ሰው ይህን አይጽፍም። ወረቀቱ ነገ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። «አልሠራሁም» የሚለውም አይገደድ፤ ያልሠራ ሰው እስር ቤት ይገባል፤ እናንተም ዳኛ አይደላችሁም። ለሌሎቹም ቢሆን የተጻፈው ክፍል ውስጥ እንደሚነበብ አስቡ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ገጹን መቅደድ ይቻላል። ሌላም ነገር በመጀመሪያው ቀን መነገር አለበት፦ በንስሐ አባት ፊት የሚነገር ምሥጢር ሌላ ነው፤ በቡድኑ ውስጥ ግን ሰውን ሊጎዳ ያሰበ ሰው ሐሳቡን ከተናገረ ዝም አንልም።

የመጀመሪያው ዓምድ ቀላል ይመስላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛችን ግን ለማምለጥ የሚመች ቋንቋ ነው። «ሰይጣን አሳሳተኝ» ሲል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰይጣን ነው። «ጠብ ተነሣና ሰው ሞተ» ሲል ጠቡን ያነሣው አይታወቅም፤ ሰውየውም በራሱ ጊዜ የሞተ ይመስላል። «መጠጥ ነው እዚህ ያደረሰኝ።» «ዕድሌ ነው።» ከሁሉ የሚከብደው ግን «ሞተብኝ» ነው። «ሞተብኝ» ልጇን የቀበረች እናት ቃል ነው፤ ያቺ «ብኝ» ጉዳቱ እኔ ላይ ወደቀ ትላለች። ገዳይ ሲናገራት ሟቹን ከእናቱ ቀምቶ የራሱ ኀዘን ያደርገዋል። አስቦበት አይደለም፤ ምላሱ ለምዶት ነው።

ስለዚህ አትቆጡት፤ አትስበኩበትም። ዓረፍተ ነገሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አድርጉና «ባለቤቱ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ልክ እንደ ሰዋስው ትምህርት። እንደገና ይጽፋል። ብዙውን ጊዜ መንገዱ ይህ ነው፦ «ሞተብኝ»፤ ቀጥሎ «በእኔ ምክንያት ሞተ»፤ ቀጥሎ «ስመታው ሞተ»፤ በመጨረሻ «ገደልሁት»። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ለሌባውም እንዲሁ ነው፤ «ዕቃ ጠፋ ተብሎ ተያዝሁ» ካለበት «ሰረቅሁ» እስኪል ድረስ። የመጨረሻው ቃል በወጣበት ቀን ሌላ ትምህርት አትጨምሩ፤ ጸልዩና ዝጉ። በዚያ ሳምንት ያንን ሰው ከጎኑ የሚተኛው ጓደኛው እንዲከታተለው አድርጉ፤ ቃሉ ከወጣ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ከባድ ናቸው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ድምፅ የሚሰማ ካለ ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ይነገር፤ ሁሉም ነገር መንፈስ አይደለም።

ሁለተኛው ዓምድ ላይ አብዛኛው ሰው አንድ ስም ይጽፋል። ጠይቁት፤ ሟቹ ሚስት ነበረችው? ያን ቀን ትምህርት ቤት የነበረ ልጅ ነበረው? መሬቱን አሁን ማን ያርሳል? የራስህስ እናት ገበያ ስትወጣ ማን ሰላም ይላታል? ዓምዱ ከ1 ስም ወደ 9 እና 10 ሲደርስ ሰውየው ራሱ ይደነግጣል።

ሦስተኛው ዓምድ የዘኬዎስ ነው። ከሾላው ዛፍ ወርዶ ጌታን ካስተናገደ በኋላ የተናገረው ስለ ስሜቱ አልነበረም፤ ስለ ቁጥር ነበር፤ የሀብቴን እኩሌታ፣ አራት እጥፍ። እዚህ ላይ የማረሚያ ቤቱ ሥራ ይገባል። በሽመና፣ በእንጨት ሥራ፣ በጥልፍ ገቢ ያለው ታራሚ በወር 300 ብር ቢያስቀምጥ በሁለት ዓመት 7,200 ብር ይሆናል። ብሩ ሟቹን አይመልስም፤ የሟቹን ልጅ ደብተርና ጫማ ግን ይገዛል።

ሕጉም ይህንኑ ይጠይቃል። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 202 መሠረት በአመክሮ ለመፈታት የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ መፈጸም ያስፈልጋል፤ 9 ዓመት የተፈረደበት 6ቱን፣ 12 የተፈረደበት 8ቱን፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት። ጊዜው መድረሱ ብቻውን ግን አይበቃም። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማስመስከሩ፣ በዐቅሙ ልክ ጉዳቱን መካሱ፣ ወደፊትም በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ መታመኑ ይታያል። ብዙ ታራሚ ሦስተኛውን ያውቃል፤ ሁለተኛውን ግን ማንም አልነገረውም።

ከዚሁ ጋር፣ «የለውጥ ምስክር ወረቀት» አትጻፉ። «ይህ ሰው ተለውጧል» የሚል ደብዳቤ ውሸት ባይሆን እንኳ ድፍረት ነው። የምታውቁትን ብቻ ጻፉ፦ ከ12 ክፍለ ጊዜ 11 ተገኝቷል፣ ለሁለት ዓመት ማንበብ የማይችሉትን አስተምሯል። የቀረውን አስተዳደሩና ፍርድ ቤቱ ይመዝኑ። ጥምቀትና አመክሮ የተያያዙ የመሰለው ታራሚ ይህን ሲያውቅ ሊጠፋ ይችላል። ይጥፋ፤ በሩን አትዝጉበት።

እርቁ

በደብተር የተጀመረው ነገር አንዳንዴ እስከ ተበዳይ ቤት ይደርሳል። እዚህ ላይ ጥድፊያ ሰው ያስገድላል። ታራሚው በራሱ ስልክ አይደውል፤ ሚስቱም አትሂድ። የሚሄዱት ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ካህን ወይም ፓስተር አብሮ ይሂድ እንጂ ብቻውን አይሂድ። የገዳይንና የሟችን ቤተሰብ ለማስታረቅ በአማራ አካባቢ ደም የማድረቅ፣ በኦሮሞ ዘንድ የጉማ ሥርዓት አለ፤ እነዚህ ከእኛ መርሐ ግብር በፊት የነበሩ፣ የራሳቸው አካሄድ ያላቸው ናቸው። የእኛ ሥራ ታራሚውን ማዘጋጀት ነው፤ ሥርዓቱን መቀማት አይደለም።

ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል። በተዝካር ሰሞን ወይም ሟቹ ባረፈበት ቀን አካባቢ መሄድ ቁስል መነካካት ነው። ቤተሰቡ «አንፈልግም» ካለ ሽማግሌው አመስግኖ ይመለስ፤ በወሩ እንዳይመለስ። ዓመት ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ይቅርታ ክርስቲያናዊ ግዴታ ነው እያሉ ያዘነችን እናት በጥቅስ መጫን ሁለተኛ በደል ነው።

ታራሚው እንዲፈታ ለመንግሥት በሚቀርብ የይቅርታ ጥያቄ ላይ እርቅ ክብደት ስለሚሰጠው ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው በዚህ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ፊርማ ይወሰዳል፣ ሰውየው ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ወደዚያ ቤት ዝር አይልም። ቤተሰቡ ለፊርማው ብቻ እንደተፈለገ ይገባዋል፤ ቂሙም በእጥፍ ይመለሳል። ስለዚህ የይቅርታ ጥያቄ ካለ ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይናገሩት። ካሳውም ከየት እንደሚመጣ ይጠየቅ። የታራሚው ሚስት በሬዋን ሸጣ ልጆቿ ከተራቡ አንድ ቤት ለማዳን ሌላ ቤት ፈረሰ ማለት ነው፤ በየዓመቱ የሚከፈል አነስተኛ ገንዘብ ይሻላል፤ ግንኙነቱንም ያቆየዋል።

አፍ ላይ የሚጠፋ ነገር

ሁለት ዓይነት ንግግር ጉዳቱ ትልቅ ነውና ለብቻው ይጠቀስ። አንዱ ትንቢት ነው። «በዚህ ወር ትፈታለህ» የተባለ ሰው የይግባኝ ቀኑን ያሳልፋል፣ ዕቃውን ያድላል፣ ወሩ ሲያልቅ ከእምነቱም ከምግቡም ይቀራል። ሁለተኛው ፈውስ ነው። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ቶሎ ይዛመታል፤ የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ «ድነሃል» ተብሎ በሁለተኛው ወር ያቆመ ሰው መድኃኒቱን የተላመደ በሽታ ለክፍሉ ሁሉ ያተርፋል። የኤችአይቪ መድኃኒትም እንዲሁ በየቀኑ የሚወሰድ ነው። ጸልዩ፣ ጠበልም ካለ ይጠጣ፤ መድኃኒቱን ግን «ውሰድ» በሉ። በጾም ቀን የመድኃኒት ሰዓት ከከበደው ካህኑን ያማክር።

በሩ

ዮሴፍ የጠጅ አሳላፊውን ሕልም ፈትቶለት «በፈርዖን ፊት አስበኝ» ብሎት ነበር። የተፈታው ሰው ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ተጨማሪ ተቀመጠ። በእኛ አገልግሎት የሚረሳው ግን ብዙውን ጊዜ የተፈታው ሰው ነው። ውስጥ ሳለ በየሳምንቱ እንጠይቀዋለን፤ ሲወጣ «እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን» ብለን እንሸኘዋለን። በቴክሳሱ ጥናትም ከወጣ በኋላ ከሚያማክረው ሰው ጋር በተከታታይ የተገናኘው ወደ እስር የመመለስ ዕድሉ ያነሰ ነበር።

ዝግጅቱ መፈቻው ከመድረሱ ስድስት ወር ቀድሞ ይጀምር። የሚጠየቁት ነገሮች ተራ ናቸው፤ ተራ ስለሆኑም ይዘነጋሉ። መታወቂያው የት ነው? ጊዜው ካለፈበት ቀበሌው ምን ይጠይቃል? የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ያድራል፣ የቤቱ ባለቤትስ ያውቃል? ሚስቱ ሌላ አግብታ ከሆነ ይህን ማን፣ መቼ ይነግረዋል? (ውስጥ ሳለ፣ ሰው ከጎኑ ሳለ ይሰማ፤ በሩ ላይ አይስማ።) ደም ያለበት ሰው ወደ መንደሩ መመለስ ይችላል ወይ? እርቁ ካላለቀ አይሂድ፤ በሌላ ከተማ የሚቀበለው ሰው ይፈለግ።

የሚፈታበትን ቀን ጠዋት አስቡት። በእጁ ፌስታል፣ በፌስታሉ ሁለት ልብስና መጽሐፍ ቅዱስ፤ ስልክ የለውም፣ ቢኖረውም የሚያውቀው ቁጥር ከስምንት ዓመት በፊት የነበረ ነው። የታክሲው ዋጋ ተለውጧል፤ መንገድ ለመሻገር ይፈራል። በሩ ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ማን እንደሆነ ብዙ ነገር ይወስናል፤ ከውስጥ ቀድሞት የወጣ የድሮ ግብረ አበሩ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አይረሳም። ስለዚህ አንድ ሰው ከጠዋቱ ጀምሮ በሩ ላይ ይቁም፤ መፈቻው እስከ ከሰዓት ሊዘገይ ስለሚችል ቀኑን ሙሉ ፈቃድ ይውሰድ። ምግብ አብሮ ይብላ፣ የሚያድርበት ድረስ ይሸኘው፣ በማግሥቱ ይደውል።

ጥሬ ገንዘብ በአንድ ጊዜ አትስጡት። ውስጥ የለመደውን ሙያ የሚያሠራ መሣሪያ፣ ለሸማኔ ድርና ማግ፣ ለአናጢ መጋዝና መላጊያ፣ ለአንድ ወር የቤት ኪራይ፣ እነዚህ ይሻላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በኋላ በሁለት ሳምንት አንዴ አግኙት። አብዛኛው ንግግር ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አይሆንም፤ ስለ ኪራይ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ልጁ «አባዬ» አልለው ስላለ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑም ይዘጋጅ። ማን እንደሆነ የሚያውቁ አራት አምስት ሰዎች ይበቃሉ፤ ካህኑ ወይም ፓስተሩ፣ አንድ ሽማግሌ፣ የሚከታተለው አገልጋይ። በመጀመሪያው ዓመት መድረክ ላይ ወጥቶ እንዲመሰክር አታድርጉ። ጭብጨባው ጣፋጭ ነው፤ ታሪኩን እያሳመረ ይሄዳል፤ «ገደልሁት» ብሎ በጭንቅ ያወጣው ቃል የመድረክ ጌጥ ይሆናል፤ የሟቹ ዘመድ በስልክ ቪዲዮው ያየዋል። ሥራ ስጡት፤ ወንበር ይደርድር፣ ግቢ ይጥረግ። ሙዳየ ምጽዋት ግን አታስይዙት፤ ገንዘብ የጎደለ ዕለት ሁሉም የሚያየው ወደ እሱ ነው፤ ይህን ማድረግ እሱን መጠበቅ ነው።

አንዳንዱ ተመልሶ ይገባል። አገልጋዩ ይናደዳል፣ ያፍራል፣ ስሙን ከመዝገብ ሊሰርዝ ይዳዳዋል። አይሰረዝ። በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን እንደ ማንኛውም ጠያቂ ተሰልፎ፣ ስንቅ ይዞ ይግባ። «ለምን?» ብሎ አይጀምር፤ መጀመሪያ ይብሉ። ጉዳዩ ገና ቀጠሮ ላይ ከሆነ ስለ ወንጀሉ አንድም ቃል አይነሣ፤ ጠበቃ እንዳለው ብቻ ይጠየቅ። ፍርዱ ሲያልቅ አዲስ ደብተር ይገባለታል፤ ሽቦ የሌለው፣ ሁለት ገጽ የተከፈተ፣ አራት ዓምድ የተሰመረበት።